የጋሽ ሀምዲን ሰባት ነጥብ ስድስት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ሰባት ነጥብ ስንት ደረሰ?» እያለ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ያስጮህኳቸውም እኔው ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

ኡመይማ እባላለሁ። ደሴ ላይ ባዮኬሚስትሪ የምማር የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናውም አር ኤን ኤ ነው። አር ኤን ኤ በሴላችን ውስጥ ያለ፣ በአራት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ክር ማለት ነው። ክር ስላችሁ እንደ ስፌት ክር የተጋደመ አይምሰላችሁ። ይታጠፋል፣ ይቋጠራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይቋጠራል፤ አንድ ቅርጽ ይዞ መቀመጥ አያውቅም። የወደድኩትም ለዚህ ነው። እኔንም እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ይህን ክር እንደ ልቡ የሚያዘው አሲድ ነው። ፈሳሹ ኮምጠጥ ባለ ቁጥር ፕሮቶን የምትባል ከደቃቅም ደቃቅ ነገር ትበዛለች። ከፊደሎቹ መካከል አዴኒንና ሳይቶሲን የሚባሉት ሁለቱ በደህና ቀን አይጋቡም። ፕሮቶኗ አዴኒን ላይ ስታርፍ ግን ሽማግሌ የተላከ ያህል ነገሩ ይለዝባል፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ክሩም ይታጠፍና ይዘጋል። ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ሽማግሌዋ ትሄዳለች፤ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ክሩ ይከፈታል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንትና ስንት ጊዜ ይሆናል። ፒኤች የሚባለው ቁጥር የኮምጣጣነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይብሳል። ይህችን ብቻ ያዙልኝ፤ የቀረውን እኔ እሸከማለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ይህን ሽምግልና በኮምፒውተር ማስላት ነው። ክሩ በየትኛው ፒኤች ምን ያህሉ ተዘግቶ፣ ምን ያህሉ ተከፍቶ እንደሚውል ረድፍ በረድፍ አሰላሁ። መብራት ሲጠፋ አለቀስኩ፤ ሲመጣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ስሌቴ እውነት መሆኑን የሚመሰክረው ማሽን ግን ያለው ኮምቦልቻ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ የሚያበራ ቀለም ይታሰራል፤ ክሩ ሲዘጋ ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ማሽኑ ያንን ያነባል። ማሽኑን የምታሠራው ጓደኛዬ ቢልቂስ ናት። ምላሷ ከምላጭ ይበልጣል።

እኔ ያሰላሁት በኮምቦልቻው ላቦራቶሪ ሙቀት፣ በሃያ ስምንት ዲግሪ ነው። ስሌቴ ፒኤች ሰባት ነጥብ ስድስት ላይ ከመቶ ክር አርባው ዝግ ይሆናል ይላል። የቢልቂስ ማሽን ስልሳ አለ። ደገምነው፤ ስልሳ። ሦስተኛ ሞከርን፤ ስልሳ። ሦስት ወር ሙሉ ስልሳ! አማካሪዬ ዶክተር ጁነይድ ሰኞ ዕለት ጠርተው ቁጭ አደረጉኝ።

«ኡመይማ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስከ ሐሙስ ካላስረዳሽኝ ይህን ርዕስ ዘግተነው በሌላ ርዕስ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ።

ከዜሮ! ሁለት ዓመቴን፣ ያን ሁሉ ረድፍ፣ ያን ሁሉ እንባ ቅርጫት ውስጥ ልከተው ማለት ነው። 

አሁን ጋሽ ሀምዲንን ላስተዋውቃችሁ። ክሩ የሚዋኝበትን ፈሳሽ፣ እኛ በፈር የምንለውን፣ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። የበፈር ሥራው ፒኤቹ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ይዞ መቆየት ነው። ጋሽ ሀምዲን በዚያ ብርዱ ጣት በሚያቆረፍድ የደሴ ላቦራቶሪያችን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ቴክኒሻን ናቸው። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይለካሉ፤ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ «7.6፣ ሀምዲን» ብለው ይጽፋሉ። አበቃ። እሳቸው የጻፉትን ቁጥር ደግሞ የሚለካ ሰው በክፍላችን አልታየም።

እኔማ ጭራሽ አይታሰበኝም። አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነው። የታመነ ነጋዴ የለካላችሁን ጨርቅ ዓይኑ ሥር ዘርግታችሁ ደግማችሁ ብትለኩት «ሌባ ነህ» ብላችሁታል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም የለም። በዚህ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ጠርሙሱን በበረዶ ሳጥን እየከተትኩ፣ ቁጥሩን እንደ ምስክር ቃል እየተቀበልኩ ወደ ኮምቦልቻ እልከው ነበር። እዚያ ደግሞ የፒኤች መለኪያው ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የተረፈው ጠርሙስ ወደ ደሴ ሲመለስ ጋሽ ሀምዲን ራሳቸው ይለኩታል፤ ያው ሰባት ነጥብ ስድስት። ታዲያ ማንን ልጠርጥር?

ማክሰኞ ዕለት ላቦራቶሪ ውስጥ ሆኜ ለቢልቂስ ደወልኩላት። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አይ እኔ!

«ስሚ ኡመይማ፣ ይሄ ክርሽ እንዲህ ጭምድድ የሚለው ኮምጣጤ ሲሸተው ነው» አለች ቢልቂስ። «ሽማግሌው በፈሩን አበላሽተውታል። እዚህ ሁሉም የሚያወራው እሱን ነው። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ፣ ለምን በጊዜ ጡረታ አይወጡም?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዞር ስል ጋሽ ሀምዲን በር ላይ ቆመዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ የኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ሲያማቸው ከርሞ እሳቸው ገና መስማታቸው ነበር። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት፤ ደግመው አወለቁት።

«ነገ አብሬሽ እወርዳለሁ» አሉኝ። «መለኪያዬን ይዤ። እዚህ የተስተካከለ ነገር መንገድ ላይ ምን እንደሚያገኘው በዓይኔ አያለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ቀድመውኝ ተገኝተዋል። በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ። የፒኤች መለኪያውን በፎጣ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ደረታቸው ላይ ታቅፈውታል። የበረዶ ሳጥኑን እምቢ አሉ፤ «ጠርሙሱ ከዓይኔ አይሰወርም፣ ጭኔ ላይ ይሁን» ብለው ከሾፌሩ ኋላ፣ ሞተሩ ከሚያግለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከመነሳታችን በፊት መለኪያውን ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ነከሩት። ብልቃጧ ማመሳከሪያ ናት፤ ፒኤቿ ሰባት ነው፤ ብርድም ሙቀትም እምብዛም አይነካትም። «ሰባት» አሉ። ቀጥለው ጠርሙሱን በቴርሞሜትርም በመለኪያውም ለኩ። «አሥራ አራት ዲግሪ፤ ሰባት ነጥብ ስድስት። ጻፊ!»

ጻፍኩ።

አጠገባችን የተቀመጡት እማማ ዐሊማ የሚባሉ እናት ነበሩ፤ ኮምቦልቻ ለወለደች ልጃቸው እርጎ በቅል ይዘዋል። ጋሽ ሀምዲን የመለኪያውን ዘንግ ከጠርሙስ ወደ ብልቃጥ፣ ከብልቃጥ ወደ ጠርሙስ ሲያመላልሱ ትንሽ ታግሰው አዩና አልቻሉም።

«ልጄ፣ አባትሽን ምን ነክቷቸው ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

አባቴ አለመሆናቸውን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ስለ ክሩ፣ ስለማይጋቡት ፊደሎች፣ ስለ ሽማግሌዋ ፕሮቶን ነገርኳቸው። ሹክሹክታ አልችልበትምና ሚኒባሱ ሙሉ ሰማ።

«ሱብሃነላህ! እኛም ውስጥ አለ ይሄ?» አሉ እማማ ዐሊማ።

«አለ፣ እማማ። እርስዎም ውስጥ፣ እኔም ውስጥ፣ ሾፌሩም ውስጥ።»

«ሾፌራችን ብሩ ውስጥስ የለም» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ። «እሱ ውስጥ ያለው ናፍጣ ብቻ ነው።» ሾፌሩ ብሩ በመስታወቱ ገላምጦት በሳቅ ፈረሰ።

ሐረጎ ጫፍ ላይ ሰው ሊወርድ ቆምን። ጋሽ ሀምዲን ጋቢያቸውን አውልቀው እንደገና ለኩ። ብልቃጧ ሰባት። ጠርሙሱ አሥራ ስምንት ዲግሪ፣ ሰባት ነጥብ አምስት። ዓይናቸውን አሹና ደግመው አዩት።

«ወረደ» አልኩ።

«ወረደ!» አለ የኋላ ወንበር።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ብሩ ጠመዝማዛውን በወረደ ቁጥር፣ ፀሐይዋ መስኮቱን ባለፈች ቁጥር፣ ሞተሩ በጋለ ቁጥር ተሳፋሪው «ስንት ደረሰ?» ይላል፤ እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ ሚኒባሱ «ኡፍ!» ይላል። አንዱ «ሰባት ነጥብ አንድ ይገባል፣ እንወራረድ» ሲል እማማ ዐሊማ «ቁማር ሐራም ነው!» ብለው ተቆጡት፤ ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኔ ግን ሁለት ነው የምለው» አሉ። ጋሽ ሀምዲን ካፖርታቸውን አወለቁ። ቀጥሎ አንዱን ሹራብ። በሃያ ሦስት ዲግሪ ሰባት ነጥብ ሦስት አምስት። ሌላውን ሹራብ አወለቁ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሸሚዝ ብቻ ቀርቷቸው፣ ላባቸው በአንገታቸው እየወረደ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዘንጉን ነከሩት።

ብልቃጧ ሰባት። ጠርሙሱ ሃያ ስምንት ዲግሪ፣ ሰባት ነጥብ ሁለት።

«አላልኩም?» አሉ እማማ ዐሊማ፤ ሚኒባሱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ የጋሽ ሀምዲንን ፊት አየሁና እጄ በአየር ላይ ቀረ።

«እውነቷን ነው ያቺ የስልኳ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ በፈር ይኮመጥጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሁሉ ይኼው ነው ማለት ነው።»

 ቀድመው የተናገሩት እማማ ዐሊማ ናቸው።

«አብሽር ወንድሜ! ቆላ ሲወርድ የማይኮመጥጥ ምን አለ? ይኸው የኔም እርጎ ደሴ ጣፋጭ ነበር፤ ልጄ ጋ ስደርስ ጥርስ ያጠርሳል። ሙቀቱ ነው እንጂ የእጅዎ ጥፋት አይደለም። ብቻ እርጎ አንዴ ከኮመጠጠ ኮመጠጠ ነው፤ ደሴ ብመልሰው አይጣፍጥልኝም።»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሳልስቅ ቀረሁ።

አይመለስም! እርጎ ከኮመጠጠ አይመለስም። የጋሽ ሀምዲን ጠርሙስ ግን ይመለሳል! ሦስት ወር ሙሉ ደሴ ተመልሶ ሲለካ ሰባት ነጥብ ስድስት ነው። ኮምጥጦ መልሶ የሚጣፍጥ ነገር ተበላሽቷል አይባልም። በፈሩ የተሠራበት ትሪስ የሚባለው ነገር ሲሞቅ የያዛቸውን ፕሮቶኖች ይለቃል፤ ሲበርደው መልሶ ይሰበስባቸዋል። ይህን ማንም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ለፈተና ነዋ! በፈተናው ላይ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ አልነበረማ።

«ጋሽ ሀምዲን! አልተበላሸም! ሞቆት ነው እንጂ አልተበላሸም!» ብዬ ስጮህ ብሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ይህን ለማረጋገጥ ጠርሙሱን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ኩኩ የምትባል ሴት የለስላሳ መሸጫ ሱቅ አላት። ሳላስፈቅድ ፍሪጇን ከፍቼ ጠርሙሱን ከውሃና ከለስላሳው መሃል ገተርኩት።

«አንቺ! ምንድን ነው ያስገባሽብኝ?» አለችኝ ኩኩ።

«ሁለት ዓመቴን» አልኳት።

ወላሂ እንደዚያ ነው ያልኩት። ኩኩ እንደ እብድ አየችኝ፤ ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ ስታይ ግን የፍሪጁን በር ራሷ ዘጋችልኝ። እማማ ዐሊማ እርጎአቸውን ታቅፈው አልሄድም ብለዋል፤ ብሩ ተራውን ለሌላ ሾፌር ለቋል። ለቢልቂስ ደውዬላት ነበርና በባጃጅ እየበረረች ደረሰች። ጋሽ ሀምዲንን ስታይ ቀይ ሽንኩርት መሰለች። አንድ ላብ ያሰመጠው ሰው መጥቶ «ያቺን ትንሿን ስጪኝ» ብሎ ወደ ጠርሙሴ ሲጠቁም ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ «አይሸጥም!» ብሎ ጮኸበት። ምስኪን፣ ውሃም ሳይገዛ ሄደ።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ከጠበቅን በኋላ ቴርሞሜትሩ አሥራ አራት ዲግሪ አለ። ጠርሙሱን አውጥቼ ለጋሽ ሀምዲን ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም። መለኪያውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንቺ ለኪው።»

«ኧረ በአላህ ጋሽ ሀምዲን! እርስዎ እያሉ እኔ?»

«እኔ ብለካው ስሙን ሊያድን ነው ይላሉ። ይበሉም፣ ልክ ናቸው። አንቺ ለኪው፣ ሰውም ይየው።»

መለኪያውን ተቀበልኳቸው። ሰኞ ገበያ መሃል ቆሜ የአባቴን ጨርቅ ደግሜ የምለካ መሰለኝ። መጀመሪያ ብልቃጧን፤ ሰባት። ከዚያ ዘንጉን ጠርሙሱ ውስጥ ነከርኩ። ቁጥሩ መወላወል ጀመረ። ሰባት ነጥብ አራት። ሰባት ነጥብ አምስት።  ሰባት ነጥብ አምስት ስምንት። ሰባት ነጥብ ስድስት። ቆመ። አልነቃነቅም አለ።

«ሰባት ነጥብ ስድስት!» ስል እማማ ዐሊማ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ኩኩ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ ተቀበለቻቸው።

እኔ ግን አልጨረስኩም። ደብተሬን አወጣሁ። ያ ሁሉ ያለቀስኩበት ረድፍ እዚያ አለ፤ ለየፒኤቹ፣ በሃያ ስምንት ዲግሪ። እኔ ስመለከት የከረምኩት የሰባት ነጥብ ስድስትን ረድፍ ነው። ጣቴን ወደ ሰባት ነጥብ ሁለት አወረድኩት። ከመቶ ክር ስልሳ አንዱ ዝግ!

«ስልሳ አንድ!» አለች ቢልቂስ ከትከሻዬ በላይ። «የኔ ማሽን ስልሳ ነው ያለው!» ተቃቅፈን ዘለልን፤ የኩኩን የፕላስቲክ ወንበር ሰበርን። ሦስት ወር ሙሉ የበጠበጠኝ መልስ ከገዛ ደብተሬ ውስጥ፣ አራት ረድፍ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ስሌቱም ልክ፣ ማሽኑም ልክ፣ የጋሽ ሀምዲን እጅም ልክ። ሙቀቱ በፈሩን እንደሚነካው ያልቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በተሳሳትኩ ቀን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዶክተር ጁነይድ ጋ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«ክሩ በዜሮ ነጥብ አራት ልዩነት ይህን ያህል ቅርጹን ከለወጠ ርዕስሽ ያስደነግጣል እንጂ አይዘጋም» አሉ። «ቀጥይ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ሦስት ወር ሙሉ መለኪያ ይዘሽ ወርደሽ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን አልለካሽውም?»

ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበር፤ እኔ ከስህተቴ የምማር ሰው አይደለሁማ። ጋሽ ሀምዲን አጠገቤ ቆመዋል። መዋሸት አልቻልኩም።

«አፍሬ ነው» አልኩ። «እሳቸው የለኩትን ደግሜ ብለካ የማላምናቸው ይመስላቸዋል ብዬ።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ሀምዲን በተሰበረው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በሸሚዝ ብቻ ሲታዩ እንዴት ቀጭን ናቸው! የተቆጡኝ መስሎኝ ይቅርታ ልለምናቸው ጎንበስ አልኩ።

«ኡመይማ» አሉኝ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት የለካሁትን አንድ ሰው ደግሞ አልለካልኝም። ሁሉም አመነኝ። ብሳሳትስ ማን ይነግረኛል እያልኩ ስንት ቀን እንዳሰብኩ አንቺ አታውቂም።» ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው በፀሐዩ አዩት፤ መልሰው ሰጡኝ። «በይ አንዴ ድገሚልኝ።»

ዘንጉን ነከርኩላቸው።